ለጠማማ ግድግዳ የተሰፋ መደርደሪያ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ባለቤትዎንስ ያ ደረቅ ሳል ለቀቃቸው ወይ? ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ አንብበው ሲጨርሱ ራስዎ ይፈርዳሉ።

አስቀድሜ ስለ ወረቀቱ ልንገርዎት። በየመስመሩ ሥር የተደረደሩትን ቀዳዳዎች ሲያዩ ብል የበላው ወረቀት ላከችልኝ ብለው እንዳይቀየሙ። ክር ባላስገባሁበት የስፌት መኪና አሳልፌው ነው፣ እጄ መስመር እንዳይስት። ሠላሳ አራት ዓመት ጨርቅ ላይ ቀጥ ብላ የኖረች እጅ፣ በስተርጅና ወረቀት ላይ እንደ ሰካራም እንድትንገዳገድ አልፈቅድላትም። ፊደሌ በመግዘፉም አይሳቁብኝ፤ ወረቀቱ የራሴ ነው።

ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ወር ሲገባ ገዢውን ይዘው እንደሚመጡ፣ የአባታችን ቤት የሁለታችን ውርስ ስለሆነ የእኔ ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያም ዕቃዬን ሸክፌ እርስዎ ጋ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል እንድገባ ጽፈዋል። በጡረታ ዕድሜ መዶሻ ይዞ ከግድግዳ ጋር መታገል የጤና አይደለም ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እንግዲህ የመዶሻውን ነገር ከሥሩ ልንገርዎት፤ የጤናዬን ነገር በኋላ እንመጣበታለን።

ጡረታ ስወጣ ስፌት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጊዜ ለተትረፈረፈው ሰው ሰዓት ምን እንደሚሠራለት የነገረኝ የለም። አምስት ወር ያህል እሱን ሳዳምጥ ከረምኩና አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ነገር አያድበሰብስም። ትንሽ መብራት በዓይኔ ፊት ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ቆየና የሚነግረኝን ነገረኝ። መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ባንዴ አይደለም፣ ቀስ በቀስ ነው፣ ነገር ግን በእጅዎ ሊሠሩት ያሰቡት ነገር ካለ አያዘግዩት አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ እንጨት መሸጫው ጎራ አልኩ።

እዚህ ላይ ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል። የኩሽናው ጥግ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሜትር ከአሥር ነው፤ በጨርቅ ሜትሬ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ጣውላውን ሳዝዝ ግን በግራ ሁለት ሳንቲም፣ በቀኝ ሁለት ሳንቲም ጨምሬ አስቆረጥኩ። ለስፌት የሚተው ትርፍ ነዋ። ዕድሜ ልኬን ያለ ትርፍ ቆርጬ አላውቅም፤ አፌ ሳላስበው ጨመረው። አሥራ አራት ጣውላ እንደዚያው አስቆርጬ ሳስመጣ አንዱም በቦታው አልገባ አለ። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራውን አናጢ ጠራሁት። ጣውላውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። እትዬ፣ እንጨት እኮ አይታጠፍም አለኝና ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሲበቃን መጋዝ አውሰኝ አልኩት። እኔ ልቁረጥልዎ ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። እጄ እንጨቱን እንዲያውቀው ፈልጌ ነው።

የመጀመሪያውን ጣውላ ሳስገባው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቤታችን እንደሚያውቁት በአንድ በኩል ሰጥሟል፤ ግድግዳው አንዱ ቦታ ሆዱን ነፍቷል፣ አንዱ ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጣውላው ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው ጎባጣ፤ በመሃላቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ። አናጢው ይሄ ቤት ጠማማ ነው፣ ይፈርሳል እንጂ አይስተካከልም አለ። ይህችን አባባል እርስዎም ጽፈዋታል፣ ቃል በቃል። እኔ ግን ትከሻው ቀጥ ያለ ሰው ለክቼ አላውቅም። አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የሌላው ቀኝ ክንድ ይረዝማል። ጠማማ ነህ ተብሎ ከበር የሚመለስ ደንበኛ የለም፤ ልብሱ ነው ለሰውየው የሚበጀው። ስለዚህ አሮጌ ጋዜጣ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጎድጓዳውንና ጉብታውን በጣቴ እየተከተልኩ እንደ እጅጌ ንድፍ አወጣሁት። ወረቀቱን ጣውላው ላይ ዘርግቼ በጠመኔ ወፍራም መስመር አሰመርኩና በመጋዝ ተከተልኩት። ልክክ ብሎ ገባ። አናጢው በማግሥቱ አንድ ክምር ጋዜጣ ታቅፎ መጣ፤ አንድ ደንበኛው ቤት እንዲሁ ያስቸገረው ግድግዳ አለ፣ እንዴት እንደሚወጣ እንዳሳየው ፈልጎ። አሳየሁት፤ በልዋጩ መጋዙን አስቀረሁት።

አሁን ኩሽናው፣ ኮሪደሩና መኝታ ቤቱ አልቀዋል። አውራ ጣቴን ሁለቴ መትቼዋለሁ፤ ጥፍሩ እያደገ ነው። መደርደሪያዎቹ ሁሉ ከደረቴ በላይ አይወጡም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባልባት ሴት በዚህ ቤት አትገኝም። በየጣውላው ፊት ዕቃ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ጣት የምታህል ክፈፍ መትቻለሁ። በክፈፉ ላይ ከሥራዬ ዘመን የተጠራቀሙትን የልብስ ቁልፎች አጣብቄበታለሁ። ባለ አራት ቀዳዳው ጨው ነው፤ ባለ ሁለት ቀዳዳው ስኳር። በረኪናው ከምግብ ርቆ ከበሩ ጀርባ ብቻውን ነው፤ እሱ ጋ የካፖርት ቁልፍ፣ ትልቁን፣ አድርጌበታለሁ። የእናታችን ቀሚስ ላይ የነበሩት ክብ ክብ ቁልፎች መኝታ ቤት ናቸው፣ መድኃኒቴ ያለበት። እጄን ክፈፉ ላይ ካሳለፍኩ ይበቃኛል።

ወደ ጤናዬ ልመለስ። ጎረቤቴ ምን ምን ብላ እንደጻፈችልዎ አውቃለሁ፤ ያቺ ሴት ነገር ለማመላለስ እግሯ አይደክምም። ሻዬ ውስጥ ጨው ጨመረችብኝ ብላለች። ጨምሬባታለሁ፤ ይህ ከቁልፎቹ በፊት ነው፣ ጣሳዎቹ መንትያ ነበሩ። ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጋ ወጣች ብላለች። አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ ነበር አሉ፤ ልካቸው አንድ ነው፣ እግሬም አላማረረም። መንገድ ላይ ረስታኝ አለፈች ብላለች። አልረሳኋትም፤ እሷን መርሳት ብችል እንዴት ደስ ባለኝ። ዝም ብላ ቆማ ነው። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ስሟን ከነአባቷ እጠራላት ነበር።

ስለዚህ አእምሮሽ ሳይነካ አይቀርም ያሉትን ይሰርዙልኝ። የመጀመሪያዋን ደንበኛዬን የወገብ ልክ ዛሬ ቢጠይቁኝ እነግርዎታለሁ፤ ስልሳ ስምንት ነበር፣ እሷ ስልሳ አራት ነው እያለች ትሟገተኝ ነበር። አልፈራሽም ወይ ቢሉኝ ግን አልዋሽዎትም፣ ፈርቻለሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ያ ሰዓት ሥር ተቀምጬ እንባዬ እስኪነጥፍ አልቅሻለሁ። ከዚያ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና የመኝታ ቤቱን ሦስተኛ ጣውላ መታሁ።

የእርስዎ ቤት የሞቀ ቤት ነው፣ አላጣሁትም። ክፍሏም ፀሐይ ይገባታል ብለዋል። ፀሐዩ ይቅርብኝ። እዚያ ብርጭቆው የት ነው፣ በሩ በየት በኩል ነው እያልኩ ባለቤትዎን ስጠራ ልውል ነው፤ እሳቸውም ደግ ናቸው፣ ደጋግሜ ብጠራቸውም አይሰለቹም፤ የሚሰለቸው የእኔ ልብ ነው። እዚህ ከአልጋዬ እስከ ኩሽናው አሥራ ሰባት እርምጃ ነው። ዘጠነኛው ላይ ወለሉ ያቃስታል፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ የአባታችን ሣጥን ጠርዝ ክርኔን ይነካኛል። አዲስ ቤት ለመማር ጊዜ የለኝም፣ ወንድም ጋሼ።

እናታችንን ተከትሎ አባታችን ባረፈ በወሩ አጎታችን ሊወስደኝ የመጣ ዕለት ትዝ ይልዎታል? እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እርስዎ አሥራ ዘጠኝ። ሴት ልጅ ከጎረምሳ ጋር ብቻዋን አታድግም፣ እኛ ዘንድ እያገለገለች ትኑር ብሎ ልብሴን በአንሶላ ቋጠረው። እርስዎ በሩ ላይ ቆሙ። በታላቅ ሰው ፊት ቀና ብለው የማያውቁት ልጅ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው፣ ይህችን ልጅ ከዚህ ቤት የሚያወጣት የለም አሉት። አጎታችን ቋጠሮውን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴም ወንድሜም እርስዎ ነዎት፤ ስፌት ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። እምቢ ማለትንም የተማርኩት ከሌላ ሰው አይደለም። ዛሬ ቋጣሪው እርስዎ ከሆኑ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

አንድ የምወቅስዎ ነገር አለ። የእርስዎ ፊደል እንደ ጉንዳን ደቃቃ ስለሆነ ደብዳቤዎን አናጢው እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። መሃል ላይ ሲደርስ አንድ መስመር ዘለለ። ሰው ሲዘል ይታወቀኛል። ተመለስና አንብበው አልኩት። ለሰው ሸክም ከመሆንሽ በፊት የሚለውን አነበበልኝ። ያንን ቃል ከእርስዎ አፍ ብሰማው እቆጣ ነበር እንጂ አልጎዳም ነበር፤ በባዕድ ሰው ድምፅ መስማት ግን አንጀቴን አሳረረው። አናጢው ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና የኮሪደሩን የመጨረሻ ጣውላ መታልኝ። በዚህ ቤት እኔ ያልመታሁት እሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ቁርጡን ይወቁት፤ አልፈርምም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ሞኟ እኔ ልሁን። ገዢው ከመጣም ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። መደርደሪያዎቹን በረጅም ምስማር ነው የመታኋቸው፤ እነሱን የሚነቅል ሰው ግድግዳውንም አብሮ ይዞ መሄድ አለበት።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ልጅዎን ለወግ ማዕረግ ያብቃልዎ። እኔን ያላሳፈሩኝን ያህል አምላክ እርስዎን በማንም ፊት አያሳፍርዎ።

መልስ ግን አይጻፉልኝ። ያለዎትን ሁሉ፣ ቁጣም ቢሆን፣ ይምጡና በአፍዎ ይንገሩኝ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱም ዝም ብለው አይቁሙ፤ ይጥሩኝ።

ባሳደጉኝ ቤት ያለሁት
ታናሽ እህትዎ