ገመዱ ላይ ያለው ቦታሽ

ውድ ልጄ ኮሪን፣

የኖርዌይ ብርድ አይድፈርሽ፣ ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። ካልሲ ደርበሽ አድርጊ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቴን ከማለት በቀር ምንም አልሆነ። በቆሎው ዘንድሮ አምሮበታል።

ቅዳሜ የከተማችንን የፔልተንን ልደት አከበርን። ባቡሩ ከተማችንን ትቶ በሌላ በኩል ባለፈ ጊዜ አያቶቻችን ቤታቸውን ነቅለው ሐዲዱ ድረስ እንደጎተቱ፣ እኛም እንደ ልማዳችን አሮጌዋን ፖስታ ቤት በመንኮራኩር ላይ ጭነን በገመድ ሳብን። የእናንተን፣ የራቃችሁትን ልጆች ቦታ ገመዱ ላይ ክፍት ትተንላችኋል። ታዲያ ክፍቱ በዝቶ ኖሮ ዳገቱ ላይ ቤቷ አልነቃነቅ አለች።

ጎረቤታችን ዴልበርት ጠጋ ብሎ፣ «ላቮን፣ ትራክተሬን ላምጣ እንዴ? ማን ያየናል?» አለኝ።

«አያቶቻችን ከመቃብር ሆነው ያዩሃል! ይልቅ ቦርጭህን ሰብስብና ሳብ!» አልኩት።

ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ ገመዱ ላላና ቤቷ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች! አባትሽ ጉልበቱን ረስቶ ሮጠና መንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ይሄኔ በየዓመቱ ሊያሾፉብን የሚመጡት የጎረቤት ከተማ የጋርበር ሰዎች ሎሚናታቸውን ጥለው ገመዱን ያዙልን። ቤቷም ሐዲዱ ጋ ደረሰች፤ ያለቀስኩት ከአቧራው ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ። ባንቺ ቦታ የቆመው የጋርበሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን ልጄ፣ የጋርበር ሰው ነው! ለከርሞ መጥተሽ አስለቅቂው።

እናትሽ ላቮን