የእማዬ ክኒን ጣፋጭ ነበር

ውድ ወንድሜ፣

በስልክ «እማዬን ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል በያት» ብለኸኝ ነበር። አላልኳትም። ተናደህ ደብዳቤውን እንዳትቀደው፤ ወረቀቱን ከሒሳብ ደብተሬ የገነጠልኩት በስንት መከራ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እማዬ ወገቧን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ ማስታገሻዋን አንተ ከምትሠራበት ፋርማሲ የምታመጣላት አንተው ነበርክ። አንድ ቀን ምን ምን እንደሚል ለማየት አንዷን ላስኳት። ብርቱካን ብርቱካን አለችኝ፤ ማስታገሻ ሳትሆን የልጆች ቫይታሚን። ስጠይቅህ ሳቅክና ከትምህርት ቤት ለቀረሁባቸው ቀኖች በአባዬ ፊርማ የፈቃድ ወረቀት ጻፍክልኝ። ዝም አልኩ። እንዲህ በርካሽ የተገዛ ሰው አላየሁም።

ትልልቆቹማ ምርመራውን ተያይዘውት ነበር። ስትከሳ አክስታችን «ፍቅር ይዞት ነው» አለች። ምሳ ላይ ማንኪያው አፍህ ውስጥ እንዳለ ስታንቀላፋ አባዬ «ሥራ በዝቶበት ነው» ብሎ ኮራብህ። አጎታችን ደግሞ አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮሰ «በኛ ጊዜ ሱስ የሚባል ነገር መች ነበር» ይላል። አፍንጫህን እስኪደማ ስታክ፣ የዓይንህ ብሌን የመርፌ ጫፍ ሲያክል፣ ሽንት ቤት ገብተህ ሰዓት ሙሉ ስታምጥ ግን የሚያይ ጠፋ።

እኔ አይቻለሁ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፋርማሲው መደርደሪያ ሥር ወድቀህ ስትንፈራገጥ ደረስኩ። ምላስህን ነክሰህ አገጭህ ደም በደም ሆኗል። ፋርማሲስቷ ራስህን ደግፋ «ምንድን ነው የሚወስደው?» ስትል፣ እዚያ ከነበርነው ሁሉ መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የገባህበት የሱስ ማገገሚያ ውስጥ ያለችው ሲስተር አልጋው ሁሉ መያዙን ነገረችኝ፤ አስተማሪ አለ፣ ሹፌር አለ፣ በዕድሜ ከኔ የሚያንስም አለ። አልገረመኝም። እኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ያው የማስታገሻ ክኒን እንደ ማስቲካ ነው የሚዞረው። «ሲበዛ ሰውነት መተንፈስ ይረሳል» ስትለኝ ግን ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቫይታሚን መሆኑንማ አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማስታገሻውን እየሸጠው መስሎኝ። ቸግሮት፣ ለኔ መንገሩን አፍሮ ነው አልኩ። የኔ ወገብ እንደሆነ መቻል ለምዷል።» ቀጥላም፣ «እሱ እየዋጠው መሆኑን ባውቅ በዳዴም ቢሆን ሄጄ ከአፉ እነጥቀው ነበር።»

ጠዋት ጠዋት «ያመጣህልኝ ፍቱን ነው» እያለች ስትመርቅህ፣ ለካ ሌሊቱን በሕመም ትራሷን ነክሳ ነበር የምታድረው።

እሑድ ይዣት እመጣለሁ። ክፍልህ ሦስተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍትም እንደሌለ ነግሬያታለሁ። «ቁጭ እያልኩ እወጣዋለሁ» አለችኝ። ታውቃታለህ፤ ታደርገዋለች። ስለዚህ ስደበኝ፤ ከዚያ ስትወጣም አታናግረኝ። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ግን ወርደህ ታች ጠብቃት።

ምስጢር መጠበቅ ያልቻለችው
እህትህ