ያልተጻፈው ስም፦ የወይዘሮ ወሰንየለሽ ገብረ አማኑኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ አማኑኤል አወቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ በ1932 ዓ.ም. ከሞላሌ ከፍ ብላ ባለችው መንደራቸው ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ የወጣላቸውን ስም ግን እዚህ ከቆመው ቤተ ዘመድ የሚያውቅ አልተገኘም። ትናንት ቄሱ ለፍትሐት ሲሰናዱ «የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ እንጂ፤ ማንን ፍታ ብዬ ልለምን?» ቢሉ ልጆቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። ይህ ጽሑፍ ከተለመደው ወጣ ቢል ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዘመኑ የክርስትና ስም የሚደበቅበት ነበር። ስሙን ያወቀ መተተኛ ይጫወትበታል ይባላልና ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለልጃቸው ያስተማሩት ዝምታን ነው። ወይዘሮ ወሰንየለሽም ለባላቸው እንኳ ሳይነግሩ ኖሩ። ከወላጆቻቸውና ከክርስትና እናታቸው ሌላ የሚያውቁት የንስሐ አባታቸው ብቻ ነበሩ።

በ1948 ዓ.ም. ከአቶ ዳኜ እምሩ ጋር ተጋብተው፣ ገብስ እያጨዱ፣ የበግ ፀጉር እየፈተሉ እምሩን፣ አረጋሽንና አንዷለምን አሳደጉ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ እሱም ለፊርማ ያህል። እውቀታቸው ሌላ ነበር። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። የሟቹን ሰባት ቤት ቆጥረው፣ በሬውን ከነቀለሙ ጠርተው፣ ድንጋይ ልቡን ሰው ያስለቅሱ ነበር። ባለቤታቸው በ1987 ዓ.ም. ሲያርፉም ሙሾውን ያወረዱት ራሳቸው ናቸው፤ ከሆድ ካለቀሱ እንባ አይገድምና።

የበኩር ልጃቸው እምሩ አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ አካልን ፎቶ የሚያነሣው የኤምአርአይ ማሽን ባለሙያ ሆነ። ይህን የጻፈውም እሱ ስለሆነ አንቱታው አይገባውም። በጥር 2002 ዓ.ም. የአረጋውያንን አንጎል በሚያጠና ቡድን ውስጥ ሲሠራ፣ ጤነኛ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ ብሎ እናቱን ወሰዳቸው። ከማሽኑ ሲወጡ «በቁሜ ሣጥን ከተውኝ ቆርቆሮ ደበደቡብኝ፤ አልቃሽ እንኳ አላቆማችሁልኝም!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። ፎቶው ግን አላሳቀም። ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ያለችው፣ አዲስ ነገር የምትመዘግበው ሂፖካምፐስ የምትባል የአንጎል ክፍል ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ ሟሽሻለች። የቡድኑ ሐኪም ፎቶ ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነ፣ በዓመቱ ተደግሞ መለካት እንዳለበት ነገሩት። በ2003 ዓ.ም. ተለካ፤ ይበልጥ ቀንሷል። ያን ጊዜ እሳቸው የማን ላም መቼ እንደወለደች እንኳ አልረሱም ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ለዚህ እሳት ግን ቅጠሉ አልተገኘም፤ የመርሳትን በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ እምሩ ዝም አለ፤ ለእህቱም፣ ለወንድሙም፣ ለራሳቸውም አልነገረም። በየዓመቱ አምጥቶ ከመለካት በቀር ያደረገው ነገር የለም። መድኃኒት ባይኖርም መጠየቅ ይቻል ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያውቁትን ሁሉ የሚጠይቅበት ሦስት ዓመት ከማንም በፊት ተሰጥቶት፣ ሚሊሜትር ሲቆጥር አሳለፈው።

በግንቦት 2005 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ለቅሶ ላይ የሞተውን ትተው፣ አጠገባቸው የቆመውን ወንድሙን በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ሰው ጉድ አለ፤ ሟርተኛ ያላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ነጠላቸውን ተከናንበው ቤት ዋሉ። አረጋሽ ጠበል ወሰደቻቸው፤ ለውጥ የለም። በዓመቱ የንስሐ አባታቸው ዐረፉ።

በ2007 ዓ.ም. እምሩ የማስታወስ መፈተኛ ቅጽ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስምዎ ማን ነው?» ይላል። እናቱ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወሰንየለሽ ያልሆነ ሌላ ስም፣ ቀስ ብለው፣ ፊታቸው በርቶ ነገሩት። እምሩ ሳጥኗ ውስጥ ኤክስ አደረገ። ቅጹ ትክክል ወይም ስህተት ይላል እንጂ የተሰጠው መልስ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ያ ስም ምን እንደነበር የገባው ትናንት ቄሱ ሲጠይቁ ነው። «ወለተ» ብለው መጀመራቸውን ብቻ ያስታውሳል። ወለተ ማን? በዚህ አገር ከሴቱ እኩሌታው ወለተ ነው። እናቱ ዕድሜ ልካቸውን የሸሸጉትን ስም ሰጡት፤ እሱ ዜሮ ሰጣቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቢያስብ አልመጣለትም፤ ወዮለት።

ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውን መለየት ተሳናቸው። አረጋሽን «እማዬ» እያሉ፣ እሷም «አቤት ልጄ» እያለች ሁለት ዓመት አስታመመቻቸው። ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሦስት ልጆችና ስምንት የልጅ ልጆች ትተዋል።

እንግዲህ ከክርስትና እናታቸው ወገን፣ ወይም ከንስሐ አባታቸው ቤት፣ ስሙን የሰማ አንድ ሰው ካለ አፈሩ ሳይመለስ ለቄሱ ይንገር። አሁን የሚያስፈራ መተተኛ የለም። እምሩ በእግዚአብሔር ስም ይለምናል።

ካልተገኘ ቄሱ «ወለተ» ብለው ያቆማሉ። አምላክ ሆይ፣ የቀረውን አንተ ታውቀዋለህና ነፍሳቸውን በሙሉ ስማቸው ጠርተህ ተቀበልልን። አሜን።