ለጀልባዋ ሙዚቃ የሰጠሁት ስድስት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለመምህርቷ፣ ለነጥብ ቆንቋናዋ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያማርራል ወይስ ታረቃችሁ? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ ቤቱን ሙሉ መፈለግ ትተሻል? አባወራሽ እንዴት ነው፣ ማንኮራፋቱ አሁንም ጎረቤት ያስነሳል? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ ከሄደ ቆየ፣ ምላሴ ግን እንዳለ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ታረጋግጫለሽ። ባለቤቴም ደህና ናት፤ "ወንድምሽ በቅናት ሊሞት ነው፣ ለለቅሶው ተዘጋጂ በላት" ብላ ሰላም ብላሻለች።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትዪ ይሆናል። ስደውልልሽ ድምፁን ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪውና ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማኛል። በስልክ የሙዚቃ ቡድናችን ውስጥ ባናግርሽ ደግሞ የማላውቀው ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ይህ ግን የወንድምና የእህት ጉዳይ ነው። ጎረቤቴ መድኃኒት ሻጩ ነገ ወደ እናንተ ስለሚበር በእጅሽ ይሰጥሻል። እንደ ክፍል ንባብ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንዳታነቢው አደራ።

ነገሩ የልጅ ልጄ፣ የጩጬ ነገር ነው። አንቺ ቤት ሆና ልትማር ስትመጣ ሻንጣዋን የቆለፍኩላት እኔ ነኝ። ያን ቀን "አደራ" አልኩሽ እንጂ "ውሰጃት" አላልኩሽም። አደራና ስጦታ አንድ አይደሉም።

ልጅቷ ያደገችው ከስፌት መኪናዬ እግር ሥር ነው። እኔ ሱሪ ሳሳጥር እሷ አሮጌው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ጌሟን ትጫወታለች። እኔ ጌሙን ነክቼው አላውቅም፤ ማን ማንን እንደሚያባርር እንኳ አይገባኝም ነበር። ሙዚቃው ግን ገባኝ። በተለይ አያቷ ለምሳ ስትጠራት ጌሙን አቁማ ስትሄድ የሚመጣ ሙዚቃ አለ፤ ተጫዋቹ እስኪመለስ ብቻውን እየተመላለሰ የሚጠብቅ። ጩጬ ስትበላ ቀርፋፋ ናት፣ እኔም ሥራ ይዤ ስለምዘገይ ክፍሉ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ እንቀራለን። ፔዳሌን በእሱ ምት መርገጥ ለመድኩ። ሌላው ሰው ጀግናው ጠላቱን ሲገጥም ያለውን ሙዚቃ ይወዳል፤ እኔ ጀግናው ምሳ ሲበላ ያለውን ወደድኩ።

መቼም ጩጬ እንደኔ ያሉትን የጌም ሙዚቃ ወዳጆች በስልክ ሰብስባ ቡድን ስታቋቁም እኔን ያስገባችኝ እንዳይከፋኝ ብላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው የሚወደውን ይልካል፤ ሌሎቻችን ሰምተን ከአስር ነጥብ እንሰጣለን፣ ምክንያታችንንም በድምፅ እንናገራለን። አንቺን ደግሞ ማን አስገባሽ? እኔ! "እህቴ ጡረታ ወጥታ ሥራ ፈትታለች፣ እሷንም አስገቢያት" ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ምነው ያኔ ምላሴን በያዘው!

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የተማሪ ፈተና ስታርሚ ስለኖርሽ ነጥብ ከእጅሽ እንደ ጥርስ ነው የሚነቀለው። "ጅምሩ ጥሩ ነው፣ መሐሉ ላይ ሰንፏል፣ አምስት፤ ወላጅ ይዞ ይምጣ" ስትዪ ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። ከቡድናችን ያ አውቶቡስ ነጂው ካንቺ ሰባት ያገኘ ዕለት ለተሳፋሪዎቹ ሳይቀር አውርቷል አሉ። እኔ ደግሞ ለሁሉም አስር እሰጣለሁ። ሰው የሚወደውን ነገር ይዞ በሬ ላይ ሲመጣ እንዴት ብዬ አራት እለዋለሁ? አንድ ቅዳሜ ይኸው ነጂ፣ "የአባባ አስር እንደ 'ደህና ዋሉ' ናት፣ ላገኘችው ሁሉ ትሰጣለች" አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጩጬ ለብቻዬ ደውላ በለስላሳ ድምፅ፣ "አባባ፣ ያንተን ነጥብ ሳልደምረው ብተወው ቅር ይልሃል?" አለችኝ። "ኧረ ምን ቅር ይለኛል!" አልኳት። የዚያን ቀን አንዱን ሱሪ ሁለት ጊዜ አሳጠርኩት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ያን የምሳ ሰዓት ሙዚቃዬን ላክሁ። ምን እንደሰጠሽኝ ላስታውስሽ? አራት። ከነአስተያየቱ፦ "አንድ ነገር ደጋግሞ ያወራል፤ ልክ እንደ ላኪው።" በአፍሽ "ጋሼ" ትይኛለሽ፣ በነጥብሽ ትቀጪኛለሽ! ሳምንቱን ሙሉ ሳቁብኝ። እሱስ ይሁን፣ ተረብ ከጀመርኩ ተረብን መቻል አለብኝ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንቺ ያን ስትናገሪ ከጎንሽ የጩጬ ሳቅ ተሰማ። ያን ሳቅ ከገበያ መሐል ለይቼ አውቀዋለሁ። የኔን ሙዚቃ አንቺ ጋ ተቀምጣ ሳቀችበት።

ይህ ሳይበርድልኝ ፎቶ መጣ። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍላችኋል፤ አንዱ ጫፍ በሷ ጆሮ፣ አንዱ በአንቺ። ባለቤቴ "እንዴት ያምራሉ!" አለች። እኔ "ያ ጆሮ የማን ነው?" አልኳት። "የእህትህ ነዋ።" "ቦታው ግን የኔ ነው።" "አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ በእህትህ ጆሮ ትቀናለህ?" አለችኝ። እቀናለሁ። ቅናት እንዳንቺ ጡረታ አይወጣም። ጩጬ በዚያ ሰሞን መደወሏን ትታ ነበር፤ ብትደውልም "መምህሯ እንዲህ አለች፣ መምህሯ እንዲህ ሰጠች" ነው ወሬዋ። ልጄን በአደራ ልኬ ወሬሽን ተቀበልኩ ማለት ነው። ብቻ እውነቱን መደበቅ አልችልም፤ በፎቶው ላይ ጉንጯ ሞልቷል፣ ዓይኗ ይስቃል። ለአያያዝሽ አስር ሰጥቻለሁ፣ ማንም ባይደምረው።

ከዚያ የራሷ ሙዚቃ መጣ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ትንሽ ጌም እየሠሩ የለም? አንድ መንገደኛ ሰፊ ወንዝ በጀልባ ሲሻገር የሚሰማውን ሙዚቃ እሷ ሠርታ ለቡድኑ አቀረበች። አንቺም ስምንት ሰጠሻት። ካንቺ እጅ ስምንት! ሕዝቡ እልል አለ፣ እሷም "የመምህሯ ስምንት!" እያለች ስትጮህ ሰማኋት። እኔም እንደ ልማዴ አስሬን ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ግን ያቺን አስር ማን ይቆጥራታል? አፌን ዘግቼ ሙዚቃውን ደግሜ ሰማሁት። መኪናዬን አቁሜ፣ መቀሴን አስቀምጬ እንደገና ሰማሁት። ከዚያ "ስድስት" አልኩ። "ጀልባዋ ገና ከዳር ሳትላቀቅ ሙዚቃው ማዶ ደርሶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ታዲያ ሰውዬው ለምን ይሻገራል?" ብዬ ላክሁ።

ከቅናትህ ነው ከጆሮህ ብትዪኝ ለይቼ አልነግርሽም። ቅናት ጆሮን ሳይስል አይቀርም። ብቻ እንደላክሁት ፈራሁ። ነጂው እንኳ አልቀለደም። አንድ ልጅ ነበረችኝ፣ እሷንም በገዛ አፌ አባረርኳት፣ ከእንግዲህ ጭራሹን አትደውልም አልኩ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ፤ ባለቤቴ ከእጄ ነጥቃ አስገባችልኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። መጀመሪያ ያለችኝ "አባባ፣ አሞሃል እንዴ?" ነው። ደህና መሆኔን ስትሰማ ቁጣዋ መጣ። "ስድስት? ለኔ? ለዚያ ሹፌር ጩኸት አስር የሰጠህ ሰውዬ ለኔ ስድስት?" "አዎ።" "የቱ ጋ ነው ቀድሞ የደረሰው?" ኪቦርዷን ስልኩ አጠገብ አድርጋ መጫወት ጀመረች። "እዚህ ጋ?" "አይደለም፣ ቀደም ይላል።" "እዚህ?" "እሱ ጋ! እሱን አሁን አትስጪኝ፣ ትንሽ አስጠብቂኝ።" "ሰው እኮ ይሰለቻል አባባ!" "እኔ አንቺ ምሳ በልተሽ እስክትመለሺ ስጠብቅ መች ሰለቸኝ?" አልኳት። ከዚያ የቀዛፊውን ምት በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እየመታሁ አሰማኋት። "ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነካው" ብላ ደህና ሁን እንኳ ሳትል ዘጋችብኝ። ስልክ ተዘግቶብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በነጋታውም ደወለች፣ ከዚያም ወዲያ ደወለች፤ ስትከራከረኝ ምሳዬ ይበርዳል። ባለቤቴ፣ "ይቺን ስድስት ቀድመህ ብትሰጣት ኖሮ ስልካችን አቧራ ባልጠጣ" አለችኝ።

ትናንት አዲሱ ደረሰኝ። ለቡድኑ አልላከችውም፣ ለእኔ ብቻ። "ቅዳሜ ለሁሉም አቀርባለሁ፤ እስከዚያ ለማንም እንዳታሰማ፣ ለመምህሯም ቢሆን" አለችኝ። ለመምህሯም ቢሆን! ይህን ቃል ባለቤቴ እስክትሰለች ነገርኳት። ሙዚቃውን ሰምቼ ዘጠኝ ሰጠኋት። "እውነትህን ነው አባባ?" አለች። ያን ሁሉ አስር ስሰጣት አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ይቺን ዘጠኝ ግን ትደምራታለች።

እንግዲህ እህት ዓለም፣ አንቺና እሷን የሚለያችሁ አንድ ግድግዳ ነው። ማዳመጫዋን በሁለቱም ጆሮዋ አድርጋ ስትሠራ ላንቺ የሚደርስሽ የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እንዴት እንደሚጀምር አልነግርሽም። ጀልባዋ ወንዙ መሐል ስትደርስ የሚሆነውንማ ብትለምኚኝም አልነግርሽ። እስከ ቅዳሜ ቀጭ ቀጯን እያዳመጥሽ ቅናትን ቅመሺው፤ አይገድልም፣ ሞክሬዋለሁ። ቅዳሜ ስትሰሚ ደግሞ ካንቺ የሚመጣውን ነጥብ ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቃለሁ። አስር ከሰጠሻት ግን በኔ ሥራ ገባሽ ማለት ነውና እንጣላለን።

ለአባወራሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በጎኑ ይተኛ በይው። ለልጅሽ፣ ኮቱን ሰፍቼ ጨርሻለሁና ሆዱ ሳይጨምር ቶሎ ይምጣ። ለምራትሽ፣ አንቺን ችላ በመኖሯ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ትንሹን የልጅ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ለጩጬ ግን ሰላምታ አልልክም፤ ዛሬ ጠዋት ራሷ ደውላልኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው ወንድምሽ
ከስፌት ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፫ ቀን