በሩ ወደ ሰው የሚያይ ቤት፦ የአቶ የኔሰው ይገዙ የሕይወት ታሪክ

አቶ የኔሰው ይገዙ ከአባታቸው ከአቶ ይገዙ ተድላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተጻድቅ ቢሻው፣ ጥር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. እዚሁ ቀራንዮ፣ ከሰው ይልቅ ከብት በሚበዛበት ዘመን ተወለዱ። በ1966 ዓ.ም. በንድፍ ሥራ የቴክኒክ ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ በአንድ የመንግሥት የግንባታ ድርጅት ውስጥ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት የሰው ቤት ሲነድፉ ኖሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰርኬ ወዬሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፋሲካንና ዮኤልን አፍርተዋል። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ የሚወርደው ለቅዳሴና ለእንቅልፍ ብቻ ነበር።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ አየር ጤና ላይ ታክሲ ገጭቶት የወደቀ ውሻ በኮታቸው ጠቅልለው ቤት ይዘው መጡ። ስሙም ቡቺ ተባለ። ቡቺ ሲድን ጓደኞቹን ጠራ። ስምንት ሲሞሉ አቶ የኔሰው ወረቀታቸውን ዘረጉ፦ ስምንት ክፍል፣ ስምንት በር፣ ስምንት መስኮት። ወ/ሮ ሰርኬ «የእኔን ኩሽና ሠላሳ ዓመት ያስጠበቀኝ ሰው ለውሻ ሳሎን ሠራ!» ብለው ለጎረቤት አሰሙ። ውሾቹ ግን አንዳቸውም አልገቡም። ክረምቱን ሙሉ አጥር ሥር ተደራርበው ዝናብ ሲመታቸው ከረሙ።

ሌላ ሰው ቢሆን ውሾቹን ይራገም ነበር። እርሳቸው ንድፉን ቀደዱ። በርጩማ ይዘው አንድ ወር ሙሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው፣ ውሾቹ የት እንደሚተኙና ወዴት እንደሚያዩ መዘገቡ። «ለካስ የሠራሁት እስር ቤት ኖሯል። ውሻ የሚፈልገው ጓደኛውን ተጠግቶ መተኛትና ሰው ሲመጣ ማየት ነው» አሉ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ረጅም ቤት ቆመ፤ ጀርባው ለነፋስ የተዘጋ፣ ፊቱ ወደ ግቢው በር የተከፈተ፣ የእንጨት ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ፣ ለታመመ ለብቻው ማረፊያ ያለው። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሳይመታ ቡቺና ጓደኞቹ ገብተው ተኙ።

ውሾቹ አሥራ አንድ ሲደርሱ ግን አንድ ሐሳብ ዕረፍት ነሳቸው፦ እኔ ስሞት እነዚህን ማን ይይዛቸዋል? በ2013 ዓ.ም. ጥያቄውን ለእድራችን ጉባኤ አቀረቡ። የንብረት ኃላፊያችን አቶ ቦሩ ገሜዳ ብድግ ብለው «ጋሽ የኔሰው፣ እድር ሰው ይቀብራል እንጂ ውሻ አይጦርም!» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። አቶ የኔሰውም አብረው ሳቁና ቤታቸው ገብተው በውሾቹ ቤት ንድፍ ላይ አንድ ክፍል ጨመሩ።

የእድሩ ድንኳን በሚያፈስ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በየክረምቱ ይሻግት እንደነበር፣ ለቅሶ የደረሰ አፍንጫ ሁሉ ምስክር ነው። አዲሱ ክፍል ለድንኳኑ፣ ለአግዳሚ ወንበሩና ለድስቱ የታሰበ ነበር፤ ደረቅ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩም ለብቻው በመንገዱ በኩል። ክፍሉ ተሠርቶ ሲያልቅ «ቤቱ ዕቃችሁን ይጠብቅ፤ ከእኔ በኋላ እናንተ ቤቱን ጠብቁ» አሉ። አቶ ቦሩ «ድስታችንን በውሻ ሊያስልሱት ነው!» ብለው፣ ለአንድ ሳምንት በክፍሉ ወለል ላይ ዱቄት እየነሰነሱ ኮቴ ፈለጉ። የተገኘው የራሳቸው የጫማ ኮቴ ብቻ ሆነ። ከአቶ የኔሰው በኋላ እድሩ ቤቱንና ውሾቹን እንዲይዝ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። አቶ ቦሩም ፈረሙ፤ ነገር ግን «ሲደርስ እናያለን» ማለታቸውን ሁላችንም ሰምተናል።

አቶ የኔሰው ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። አቶ ቦሩ ሊጠይቋቸው በሄዱ ጊዜ «ድንኳኑ ደረቅ ነው ወይ፣ ቦሩ?» አሏቸው።

«ደረቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ውሾቹስ?»

አቶ ቦሩ ጋቢያቸውን አለባብሰዋቸው ወጡ።

አቶ የኔሰው ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በዚያው ዕለት አቶ ቦሩ ድንኳኑን ሊያወጡ መጡ። ድንኳኑን ከመንካታቸው በፊት ግን በጓሮ በኩል ዞረው አሥራ አንዱን የውሾች ሳህን አንድ በአንድ ሞሉ። ሰው ቆሞ ሲያያቸው «ምን ታፈጣላችሁ? ቃለ ጉባኤ ነው!» አሉ።

በዚህ ሁሉ የሐምሌ ዝናብ መካከል የተቀመጥንበት ድንኳን ሽታ የለውም።

አቶ የኔሰውን ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ አሥራ አንድ ውሾችና መላው እድርተኛ በሐዘን ይሸኟቸዋል። ለተጣለ ሁሉ ማደሪያ የነደፉትን ሰው፣ መድኃኔዓለም ነፋስ በማይገባበት፣ ወዳጅ በማይርቅበት፣ በሩም ወደሚመጣው ሰው በሚያይ ቤት ያሳርፋቸው። አሜን።