መሥሪያ ቤቴን እየጦርሁ ነው

ይድረስ ለክቡር የውሃ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን፤ ጉልበትዎን እንደ እኔ ጉልበት አያድርግብዎ። የእኔን ደኅንነት ከጠየቁ፣ ከወገብ በላይ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከወገብ በታች ያለው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ስለሆነ እርስዎ ያውቁታል።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛው ላቀው ነኝ። በደምበጫና በቡሬ መካከል ባለች፣ ስሟን ለይሉኝታ በማልጠራት ከተማችን ሠላሳ ስምንት ዓመት ውሃ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬ፣ ስድሳ ሲሞላኝ በክብር መሸኘቴን ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ «ለአንድ ዓመት ብቻ» እየተባለ ሦስት ጊዜ ተራዘምሁ፤ ዓመቱ ባለቀ ቁጥር እንደገና እየተሸኘሁ አራት ጋቢ ስለተሸለምሁ ብርድ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ አራተኛው የማራዘሚያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይፈርሙ ይላል።

ከመልሴ በፊት ግን ምስጋና ይቅደም።

አንደኛ፣ ዋናው መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍ የውሃ መዝጊያ ቫልቮቹም ክዳን ምልክት ሳይተውለት ከድንጋዩ ሥር አብሮ እንዲነጠፍ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማው የውሃ ካርታ እኔ ነኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ የሀምዱ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ በከዘራዬ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ስል፣ መሐንዲሶችዎ ጠበል እንደተገለጠለት ባሕታዊ ያዩኛል።

ሁለተኛ፣ ረዳቴን ምሥራቅን ሰባት ዓመት ሙሉ በኮንትራት ስላቆዩልኝ። በቦታዬ ትመደብ ብዬ ሦስት ጊዜ ብጽፍ «ልምድ ይጎድላታል» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ እኔ ካልወጣሁላት ልምዱን ከየት ታምጣው? ጭቃው የእርሷ፣ የምስጋና ደብዳቤው የእኔ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ትዳሬን ስላሞቁልኝ። ባለቤቴ አልጣሽ ማንኩሳ ያለውን ጓሯችንን ሦስት ክረምት ለብቻዋ ኮተኮተች። የማክሰኞውን ደብዳቤ ባነበብሁላት ጊዜ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የቆረብኸው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከቧንቧው?» አለችኝ። ነፍስ አባታችንን ጠይቄ እመልስልሻለሁ ብያት ጉዳዩ በእንጥልጥል ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሞኙ ጡረታ ማለት መጦር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጧሪው እኔ፣ ተጧሪው ጽሕፈት ቤቱ ኖሯል። ሥራ ጠልቼም አይደለም፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የጀሪካኑን ኳኳታ መስማት ዛሬም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጉድጓድ መውረዱን እሺ ቢልም መውጣቱን ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ አንድ ቀን እንደ ክዳኖቹ በእኔም ላይ ድንጋይ እንዳታነጥፉብኝ ሰጋሁ። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት አልፈርምም።

ከወገብ በላይ ታዛዥዎ፣
ላቀው ወልደ ሥላሴ
አራት ጊዜ የተሸኘ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልሄደ

ማስታወሻ፦ ሰሞኑን ምሥራቅን እየመራሁ አርባ አንዱን ቫልቭ አንድ በአንድ አሳይቻት በደብተሯ አስፍራለች። የቀረው አርባ ሁለተኛው፣ ወደ እርስዎ መኖሪያ ግቢ የሚሄደው ብቻ ነው። እርጅና ክፉ ነው፤ የት እንደተቀበረ ጠፋኝ፤ ትናንት ዘግቼው ይሁን ከፍቼው እንኳ አላስታውስም። የምሥራቅ የቋሚነት ደብዳቤ በደረሳት ማግሥት ግን ትዝ ሳይለኝ አይቀርም።