ገመዱ እስኪታሰር

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሣህሉ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ደኅና ነኝ። ያስቸገረኝ ጥርስ ተነቅሏል። የውኃ ፓምፑ እንደገና ቆሟል፤ እንደ አንተ ጎኑን በመፍቻ ብመታው አልሰማኝም። ለጥምቀት እመጣለሁ ስላልህ ነጭ ሸሚዝህን ተኩሼ ሰቅዬው ነበር። እዚያው ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ የጀልባ ሠራተኞችን እንግሊዝኛ ማስተማር ጀምሬአለሁ። ትናንት አቅጣጫ የሚያመለክቱ ቃላት ላይ ደረስን። «ሆምዋርድ» አልኋቸው፤ ወደ ቤት ማለት ነው። «ወደ»ው እውስጡ ስላለ ከፊቱ «ቱ» አትጨምሩ አልሁ። ከዚያ «ባሌ ከጎርጎራ ሆምዋርድ ጉዞ ላይ ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ሌላ ምሳሌ አልመጣልኝም።

ጋሽ ጊዮርጊስን ታውቃቸዋለህ፣ ቀልደኛውን ጀልባ ነጂ። እጃቸውን አወጡ።

«ቲቸር፣ መቼ ይደርሳል?»

«ቃሉ መድረሱን አይናገርም። ፊቱ ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው የሚናገረው።»

«መሐል ሐይቅ ሞተሩ ቢጠፋበትስ?»

«ያው ሆምዋርድ ነው።»

«ዓመት ቢቆምስ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ለእኛ አይሆንም» አሉ። «ገመዱ ሳይታሰር ጀልባ መጣ አንልም። ሚስቱ ወደብ ላይ ቆማ ብትጠይቀን እንኳ አላየንም ነው የምንላት።»

ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ሣህሉ፣ አንድ የጀልባ ሞተር ልጠግን፣ ሁለት ሳምንት ነው ብለህ ጎርጎራ ከሄድህ አሥራ አራት ወር ሆነ። በደወልህ ቁጥር «መንገድ ላይ ነኝ» ትላለህ። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ «እየመጣ ነው» ስል ከረምሁ።

ደብረ ማርቆስ ለማስተማር ተመርጫለሁ። መልሴን እስከ ሰኞ ይፈልጋሉ። ሁለት ጊዜ ቀን አስለውጫለሁ፤ ሦስተኛ አይሰጡኝም። ምክንያቱን አልነገርኋቸውም።

ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ ለሚነሣው ጀልባ ነጂ ለዓምደ ሚካኤል እሰጠዋለሁ። እሑድ የሚመለስ ጀልባ አለ። ወደቡ ላይ ቆሜ አልጠብቅህም። ተነሣሁ ብለህም አትደውል። ከመጣህ በሩን አንኳኳ። ካልመጣህ ሰኞ ጧት እፈርማለሁ።

ወፍራሙን ሹራብህን አብሬ ልኬአለሁ። መሐል ሐይቅ ላይ ይበርዳል። እግዚአብሔር ከነፋሱ ይጠብቅህ።

እናትዓለም

የበሩን ቁልፍ አላስቀየርሁም። ያንተው አሁንም ይከፍታል።